ፊዚክስ በበረንዳ ላይ፦ አበቦችንና ውኃ አዘል ዕፅዋትን ከችግኝ ስለማሳደግ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪና በጌዶ ከተሞች ከግቢ ወደ ግቢ የሚዘዋወር ሰው በየበረንዳው ጠርዝ የተደረደሩ ጣሳዎችን፣ ወገባቸው ላይ የተቆረጡ ጀሪካኖችንና አፋቸው የተሸረፈ ማሰሮዎችን ማየቱ አይቀርም። በውስጣቸውም ጄራኒየም፣ ጽጌረዳ፣ እሬት፣ እንዳሁላ፣ እንዲሁም ከዘመድና ከጎረቤት በግንጣይ የተገኙ የካክተስ ዓይነቶች ይበቅላሉ። ይህ ልማድ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ በመሆኑ በተማሪዎች ዘንድም እየተስፋፋ መጥቷል። ነገር ግን አብዛኛዎቹ አትክልተኞች የሚያውቁት፣ ምክንያቱን ግን የማይጠይቁት አንድ እንቆቅልሽ አለ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በደረቅ አየር፣ አልፎ አልፎ ብቻ ውኃ እየተጠጣለት ደህና የሰነበተ እሬት ዝናቡ በጠገበበት በሐምሌና በነሐሴ ሥሩ በስብሶ ይወድቃል። የበጋው ጥም ያልገደለው ተክል በክረምቱ ጥጋብ ይሞታል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የዕፅዋት ሊቅ ሳይሆን የፊዚክስ መምህር ነው። ሆኖም እንቆቅልሹ የሚፈታው በአመዛኙ በፊዚክስ ስለሆነ በዚህ ገጽ ላይ መነሳቱ ተገቢ ይሆናል።

በሌሊት የሚተነፍሱ ተክሎች

ማንኛውም አረንጓዴ ተክል ብርሃን አስተፃምሮ ለማካሄድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ማስገባት አለበት። ይህ ጋዝ የሚገባው ስቶማታ በሚባሉት ጥቃቅን የቅጠል ቀዳዳዎች በኩል ነው። ችግሩ በር ከተከፈተ ለሚገባው ብቻ የማይከፈት መሆኑ ነው፤ በዚያው ቀዳዳ ከቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ በተን መልክ ይወጣል። የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ መጻሕፍት እንደሚገልጹት እንደ ባቄላ ያለ ተክል አንድ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት ከ400 እስከ 500 ግራም ውኃ ያጣል። ጤፍና በቆሎ የሚገኙበት ቡድን የተሻለ ቆጣቢ ሲሆን ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ግራም ይደርሳል። እሬትና ካክተስ የሚገኙበት ቡድን ግን ከ50 እስከ 100 ግራም ብቻ ይበቃዋል።

ይህ ቁጠባ የተገኘው በአንድ ቀላል ብልሃት ነው፦ ቀዳዳዎቹን ቀን ዘግቶ ሌሊት በመክፈት። የብልሃቱን ዋጋ በቁጥር እናስላው። የቅጠሉን የውስጥ አየር በተን የተሞላ አድርገን እንውሰድ። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሙሌት ተን ግፊት 3.17 ኪሎፓስካል ነው። በበጋ ከሰዓት በኋላ የውጭው አየር የተን ግፊት 1.0 ኪሎፓስካል ቢሆን ተኑን ወደ ውጭ የሚገፋው ልዩነት 2.17 ኪሎፓስካል ይሆናል። ያው አየር ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ በውስጡ ያለው ተን ብዙም አይለወጥም፤ የቅጠሉ የሙሌት ግፊት ግን ወደ 1.23 ዝቅ ይላል። ልዩነቱም 0.23 ብቻ ይሆናል። እንግዲህ በዚያው ቀዳዳ፣ በዚያው አየር ውስጥ፣ ሌሊት የሚከፍተው ተክል የሚያጣው ውኃ ቀን ከሚከፍተው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ የሆነው የሸዋ ደጋና ወይና ደጋ የበጋ አየር ለእነዚህ ተክሎች የተመቸ መሆኑም ከዚሁ ስሌት ይታያል።

ሌሊት የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፀሐይ እስክትወጣ የሚቆየው በማሊክ አሲድ መልክ ተከማችቶ ነው። በቀን አሲዱ ይፈርስና ጋዙ በተዘጋው ቅጠል ውስጥ ለብርሃን አስተፃምሮ ይውላል። ቤንጃሚን ሄይን የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ በሕንድ አገር የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል በማለዳ ሲቀመስ ኮምጣጣ፣ ቀትር ሲሆን ግን ጣዕም አልባ መሆኑን አስተውሎ ጽፏል፤ ጽሑፉም እ.ኤ.አ. በ1815 ታትሟል። ሂደቱ ስሙን ያገኘው እንዳሁላ ከሚገኝበት ክራሱላ ከሚባለው ቤተሰብ ሲሆን በምሕጻረ ቃል «ካም» ይባላል።

ይህን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ መፈተን ይቻላል። መቅመስ ግን አይገባም፤ ብዙዎቹ የእንዳሁላ ወገኖች ልብን የሚጎዳ መርዝ አላቸው። ቅጠሉ ወፈር ያለ ዓይነት ተመርጦ በማለዳ 12 ሰዓት አንድ ቅጠል፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሌላ ቅጠል ይወሰድና እኩል ክብደት በእኩል የተጣራ ውኃ ይፈጫል። የሁለቱ ጭማቂ አሲድነት በዩኒቨርሳል ኢንዲኬተር ወረቀት ሲለካ የማለዳው በግልጽ በልጦ ይገኛል። ለማነጻጸሪያ የጎመን ቅጠል ቢጨመር ሙከራው የተሟላ ይሆናል። ሰማያዊው ሊትመስ ብቻ ከሆነ ያለው ሁለቱንም ጭማቂ ቀይ ስለሚያደርግ ልዩነቱን አያሳይም፤ በዚህ ጊዜ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መለካት ይሻላል።

ጠጠሩ ለምን አይረዳም?

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። ሥር እንደማንኛውም ሕይወት ያለው አካል ኦክሲጅን ይፈልጋል። ኦክሲጅን በውኃ ውስጥ የሚሠርገው በአየር ውስጥ ከሚሠርግበት ፍጥነት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ዝግ ብሎ ነው። ስለዚህ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውኃ ከተሞላ ሥሩ ይታፈናል። ከዚያም ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን ገብተው ያበሰብሱታል። በጋውን ሙሉ ቀዳዳውን ዘግቶ መኖርን የተማረ ተክል በክረምት አፈሩን በቶሎ መጥጦ ማድረቅም አይችልም። ቁጠባው ራሱ ጠላት ሆነበት ማለት ነው።

ብዙ ሰዎች ለዚህ መፍትሔ ብለው ከጣሳው ሥር ጠጠር ያነጥፋሉ። የአበባ መጻሕፍት ሳይቀሩ ይህን ይመክራሉ። ፊዚክሱ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ውኃ በጠባብ ቱቦ ውስጥ በገጽ ውጥረት ተይዞ የሚቆምበት ከፍታ ከቱቦው ራዲየስ ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ራዲየሱ 0.5 ሚሊሜትር ቢሆን ውኃው 3 ሴንቲሜትር፣ 0.1 ሚሊሜትር ቢሆን ደግሞ 15 ሴንቲሜትር ያህል ይቆማል። የአፈር ቀዳዳዎች ወጥ ቱቦዎች ባይሆኑም ሕጉ በግምት ይሠራባቸዋል። እንግዲህ ቀዳዳዎቹ 0.1 ሚሊሜትር በሆነ አፈር ጥልቀቱ 12 ሴንቲሜትር የሆነ ጣሳ ብንሞላ፣ ሥሩ ተበስቶም እንኳ ከላይ እስከ ታች በውኃ ተሞልቶ ይቀራል፤ ስበት ከገጽ ውጥረቱ ሊያስለቅቀው አይችልም። ከታች ጠጠር ሲነጠፍ ውኃው ከጠባቡ ቀዳዳ ወደ ሰፊው በራሱ ፈቃድ አይወርድምና የረጠበው ክፍል ከጠጠሩ በላይ ይንጠለጠላል። ውጤቱም ለሥሩ የቀረው ቦታ ማነሱ ብቻ ነው።

ይህን ለማየት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይበቃል። በውኃ ተነክሮ ጠፍጣፋ ጎኑን ታች አድርጎ ይያዝ፤ ጠብታው ሲያቆም በጠባብ ጎኑ ይቁም። እንደገና መንጠባጠብ ይጀምራል። ስፖንጁም፣ በውስጡ ያለው ውኃም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ቁመቱ ነው። ስለሆነም ለውኃ አዘል ተክል ከዝርግ ሳህን ይልቅ ቁመት ያለው መትከያ፣ ከደቃቅ አፈር ይልቅ ሻካራ ድብልቅ ያስፈልገዋል።

የአካባቢያችን አፈር በዚህ ረገድ ሁለት መልክ አለው። በግንጪ ዙሪያ ያለው ጥቁር መረሬ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚፈጥር፣ በክረምት የሚያብጥና የሚጣበቅ ነው። ለጤፍ የታወቀ አፈር ነው፤ ለጣሳ እሬት ግን መቃብሩ ነው። በሆለታ በኩል የሚታየው ቀይ አፈር ይሻላል። በሁለቱም ላይ ግንበኞች «ሬድ አሽ» እያሉ የሚጠሩትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር መጨመር ይገባል። ጠጠሩ በአተር ፍሬ መጠን ተሰባብሮ፣ ዱቄቱ በወንፊት ተነፍቶ ከተወገደ በኋላ ከታች ሳይነጠፍ ከአፈሩ ጋር እኩል ለእኩል ይደባለቃል። የበሰበሰ ፍግ ለአበቦቹ እንጂ ለእሬትና ለካክተስ ብዙ አያስፈልግም።

መትከያውን በተመለከተ ሸክላ ከፕላስቲክ የሚለየው እንስራ ውኃ በሚያቀዘቅዝበት ምክንያት ነው። በግድግዳው በኩል የሚተን እያንዳንዱ ግራም ውኃ 2,450 ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ይህም ግማሽ ሊትር ውኃን ከአንድ ዲግሪ በላይ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ነው። በዚህ ምክንያት ሸክላ አፈሩን ያደርቃል፣ ሥሩንም ያቀዘቅዛል። ለእሬት መልካም ነው፤ ጥላና እርጥበት ለሚወደው እንሶስላ ግን ፕላስቲኩ ጀሪካን ይመረጣል።

በዚህ አጋጣሚ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ የአምቦ ውኃ ለአበባ ይሆናል ወይ? አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ የሚሸጠው ይህ ውኃ በካርቦን ዳይኦክሳይድና በባይካርቦኔት ጨዎች የበለጸገ ነው። ጋዙ ወዲያው በኖ ይጠፋል፤ የሶዲየም፣ የካልሲየምና የማግኒዚየም ጨዎቹ ግን በአፈሩ ውስጥ እየተከማቹ አልካላይነቱን ከፍ ያደርጋሉ፣ በኦስሞሲስም ሥሩ ውኃ እንዳይስብ ያግዱታል። ጠርሙሱ ግን ይጠቅማል። ቂጡ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዘር መደብ ላይ ሲደፋ ጥሩ የችግኝ ቤት ይሆናል። የሚሞቀው ጨረርን ስለሚይዝ ነው የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ጥቂት እውነት ቢኖረውም ዋናው ምክንያት የሞቀው አየር እንዳይሸሽ መከልከሉ ነው። ሮበርት ውድ የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1909 በሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ይህን አሳይቷል። በሆለታ አካባቢ ጽጌረዳ ለውጭ ገበያ የሚመረትባቸው ሰፋፊ የፕላስቲክ ቤቶች የሚሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው።

የትኛው መስኮት?

ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የሚመጡ የአትክልት መጻሕፍት ሁሉ ካክተስን ወደ ደቡብ በሚመለከት መስኮት አስቀምጡ ይላሉ። በዚያ አገር እውነት ነው፤ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አምቦ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ማብቂያ አናታችን ላይ ትቆማለች። በመካከላቸው ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት፤ በታኅሣሥ ደግሞ በደቡብ በኩል ወደ 57 ዲግሪ ከፍታ ዝቅ ትላለች። እንግዲህ የደቡቡ በረንዳ በበጋ ብርሃን የሚያገኝ፣ በክረምት ደግሞ ከቀጥተኛ ፀሐይ የተሸሸገ ነው። ለውኃ አዘል ተክሎች ደቡብ የሚመረጠው እዚህም ነው፤ ምክንያቱ ግን በመጻሕፍቱ ከተጻፈው የተለየ ነው፤ በሰሜን ያለችው ፀሐይ በአብዛኛው በክረምት ደመና ስለምትሸፈን ነው።

ከቤት ውስጥ ስለሚቀመጡት ደግሞ ዓይናችንን ማመን የለብንም። ዓይን ከብርሃን መጠን ጋር ራሱን ስለሚያስማማ ሳሎኑ ብሩህ መስሎ ይታየናል። በቀትር ሜዳ ላይ 100,000 ሉክስ ያህል ብርሃን ሲኖር በክፍሉ ማዕዘን የሚኖረው ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። በዚያ የተቀመጠ ተክል የሚመነምነው፣ አንገቱን የሚያስረዝመውም በረሃብ ነው።

ብርሃን ምግብ ብቻ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያም ነው። በታኅሣሥ በየግቢው የሚቀላው ፖይንሴቲያ ትውልዱ ከሜክሲኮ ሲሆን የቁልቋል የቅርብ ዘመድ ነው። ቀይ ሆኖ የሚታየው አበባው ሳይሆን አበባውን የሚከቡት ቅጠሎች ናቸው። ይህ ተክል የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። በእኛ ኬክሮስ የዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ያም ሆኖ ተክሉ ልዩነቱን አይስተውም። በተቃራኒው ሌሊቱን ሙሉ ከሚበራ የበረንዳ አምፖል አጠገብ ቢተከል ሌሊት መሆኑን ስለማያውቅ ሳይቀላ ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል። መድኃኒቱ ማዳበሪያ ሳይሆን ማብሪያ ማጥፊያው ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ሌላ አደጋ ይመጣል፤ ውርጭ። ደመና በሌለበት ሌሊት ቅጠል ሙቀቱን በኢንፍራሬድ ጨረር ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ከጠራ ሰማይ የሚመለስለት ጥቂት ስለሆነ ከአየሩ ይልቅ በጥቂት ዲግሪዎች ይቀዘቅዛል። ቴርሞሜትሩ 2 ዲግሪ እያሳየ ቅጠሉ ውርጭ ሊመታው የሚችለው ለዚህ ነው። ቅጠሉን ውኃ የሞላው ተክል ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል። ከጣሪያ ክፈፍ ስር ማስገባት የሚያድነው ነፋስ ስለሚከልል አይደለም፤ ተክሉ «የሚያየው» ሰማይን ሳይሆን ከሰማይ የሚሞቀውን ቆርቆሮ ስለሚሆን ነው። በአማካይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አምቦ ያለ ስጋት የሚያድር ተክል ወደ ወንጪ ወይም ወደ ጀልዱ ደጋ ሲወጣ ጣሪያ ይሻል።

ከዘር ወይስ ከገደል?

ኢትዮጵያና ኤርትራ ከአርባ የሚበልጡ የእሬት ዝርያዎች አሏቸው፤ ብዙዎቹም በሌላ አገር አይገኙም። እነዚህን በማጥናት ከሚታወቁት መካከል ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኖርዌያዊቷ ኢንገር ኖርዳል ይገኙበታል። በአካባቢያችን አርጊሳ የሚባለው እሬትና አዳሚ የሚባለው ቁልቋል በየድንጋያማው ተዳፋት ስለሚታዩ ብዙ ሰው የማያልቁ ይመስሉታል። ሰብሳቢ ሁሉ አንድ አንድ ቢነቅል ግን በአንድ ገደል ብቻ የሚበቅል ዝርያ በጥቂት ዓመታት ሊጠፋ ይችላል። በገበያ ላይ ከተለመደው አሎዬ ቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎች በሙሉ፣ እንዲሁም ውኃ አዘል የቁልቋል ወገኖች፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን በተፈረመው፣ ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት ሳይተስ በተባለው ስምምነት ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በፈቃድ የሚካሄድ ነው።

ከሕጉ በላይ ተግባራዊው ምክንያት ይበልጣል። በሜዳ የጎለመሰ እሬት ሲነቀል ሥሩ ይቆረጣል፤ በጣሳም ብዙ ጊዜ አይጸናም። ከዘር የተገኘ ችግኝ ግን ከመጀመሪያው ከጣሳው ጋር ተላምዶ ያድጋል። የደረቀ ፍሬ ሲሰነጠቅ የሚገኘው ስስ ክንፍ ያለው ዘር በተነፋ ሬድ አሽና አሸዋ ላይ ተበትኖ፣ በጭንቅ እስኪሸፈን ጥቂት ደቃቅ አሸዋ ይነሰነስበታል። ከታች በሳህን ውኃ ይጠጣና ጠርሙስ ይደፋበታል። ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ጠርሙሱ በቀን ጥቂት ሰዓት እየተነሳ ችግኙ ከደረቅ አየር ጋር ይለማመዳል። አበባ እስኪያሳይ በርካታ ዓመታት መጠበቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ እሬቶች በራሳቸው የአበባ ዱቄት ዘር ስለማይዙ ከአንድ እናት የተገነጠሉ ሁለት ቡቃያዎች እርስ በርስ አይጠቅሙም፤ ግንጣይ ያው እናቲቱ ራሷ ናትና። ዘር የሚፈልግ ሰው ከሁለት የተለያዩ ዘሮች የበቀሉ ተክሎች ሊኖሩት ይገባል።

እንዳሁላና ካክተስ በግንጣይ ይባዛሉ። የተቆረጠው ቦታ በጥላ ለጥቂት ቀናት ደርቆ ጠባሳ ሳያበጅ መትከል ለመበስበስ ይዳርጋል። የቁልቋልና የቅንጭብ ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ቢገባ ብርቱ ጉዳት ስለሚያደርስ መነጽርና ጓንት ማድረግ ይገባል፤ ከነካም ብዙ ውኃ ማፍሰስና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ከውጭ በመጡ አበቦች ከመማረክ በፊት በደጃችን ያሉትንም ማየት ያሻል። እንሶስላ ሥሩ ለእጅና ለእግር ማቅለሚያ ሆኖ ሲታወቅ ኖሯል፤ ትልቁ ነጭ አበባው ግን ማንኛውንም በረንዳ ያስጌጣል። ቀጋ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያለ ብቸኛ አገር በቀል ጽጌረዳ ነው። በአንጻሩ በሳይንሳዊ ስሙ «ኤቲዮፒካ» የሚባለው፣ መለከት የመሰለው ነጭ አበባ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነው፤ የጥንት አውሮፓውያን አፍሪካን በጅምላ ኢትዮጵያ ይሉ ስለነበር ያገኘው ስም ነው።

ስብስብ ያለ መዝገብ የጣሳ ክምር ነው። ለእያንዳንዱ ተክል ቁጥር ይሰጠው፤ ዘሩ ከየት፣ መቼ፣ ከስንት ሜትር ከፍታ እንደተገኘ፣ የበቀለበትና ያበበበት ቀን በደብተር ይመዝገብ።

የሚጣለው ወዴት ይሄዳል?

አንድ ጉዳይ ቀረ። እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በሐምራዊ አበባው ምክንያት ለጌጥ ተብሎ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ደረሰ። ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፤ አንድ ተክል በሃያ ሳምንት ከሺህ በላይ ይሆናል ማለት ነው። የወፍ ቆሎም በአጥርነትና በጌጥነት የመጣ ነው። አዋሽ የሚነሳው ከግንጪ አካባቢ ደጋ ነው፤ የጉደር ወንዝ ደግሞ ወደ ዓባይ ይፈስሳል። በአንድ ዞን ውስጥ ያለ ሰው ከግቢው የሚጥለው ቅጠል እንደሚኖርበት ተዳፋት አቅጣጫ ወደ ቆቃ ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ ሊጓዝ ይችላል።

በቅጠሉ ጠርዝ ላይ በርካታ ጥቃቅን ችግኞችን የሚያንጠለጥለው የማዳጋስካር እንዳሁላ በዚህ ረገድ በተለይ ሊጠበቅ ይገባዋል። ነቅሎ ፀሐይ ላይ መጣል አይገድለውም፤ ቀን ቀዳዳውን ዘግቶ፣ ሌሊት ከፍቶ፣ በያዘው ውኃ ለሳምንታት ይቆያልና። ትርፉን በጥቁር ፌስታል ቋጥሮ እስኪበሰብስ ፀሐይ ላይ ማቆየት፣ ከዚያም ከወንዝ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ መቅበር ያስፈልጋል።